ጥሩ ድምፅ ሙያ የሚሆነው እንዴት ነው? የዩኒቨርሲቲ የድምፅና የኅብረት ዝማሬ መምህርነት ከአዊ ዞን ሲታይ

እንጅባራ፦ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ከዜማ የተለየ ሥራም ሆነ በዓል ጥቂት ነው። በደቦ አጨዳ ላይ አንዱ ዜማ ያወርዳል፤ ሌሎቹ እየተቀበሉ ማጭዳቸውን ያፈጥናሉ። በሠርግ ቤት አጃቢዎች ተራ በተራ ያዜማሉ። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓልም ያለ ፉከራና ያለ ኅብረት ዜማ አይደምቅም። በዚህ ሁሉ መካከል ከሌሎቹ ጎልቶ የሚሰማ ድምፅ ያለው ልጅ በየቀበሌው አይጠፋም። ልጁ ሲያዜም ሰው ይደሰታል፤ ዘፈኑ ሲያበቃ ግን ወላጅ አንድ ጥያቄ ይቀርበታል። ይህ ድምፅ እንጀራ ይሆናል ወይ?

ለዚህ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚሰጡት መልሶች ሁለት ናቸው። አንደኛው «ዘፋኝ ይሁን» ሲሆን ሁለተኛው «ትምህርቱን ይማርበት፣ ዜማውን ይተወው» የሚል ነው። በሁለቱ መካከል ያለ፣ በገጠርም ሆነ በከተማ እምብዛም የማይታወቅ ሦስተኛ መንገድ አለ። እርሱም የሰውን ድምፅ ማሠልጠንንና የኅብረት ዝማሬ መምራትን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ማስተማር ነው። ይህ ጽሑፍ ሙያው ምን እንደሆነ፣ በኢትዮጵያ እንዴት እንደመጣ፣ ወደ እርሱ የሚወስደው መንገድ ምን እንደሚመስልና ለአዊ ሕዝብ ምን ሊጠቅም እንደሚችል ያስረዳል።

ሥራው ምንድን ነው?

በዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ትምህርት ክፍል ውስጥ ድምፅን የሚመለከቱ ሁለት ተቀራራቢ የማስተማር ሥራዎች አሉ። የመጀመሪያው የድምፅ መምህርነት ነው። በተለምዶ ቮካል በሚባለው በዚህ ትምህርት መምህሩ ከአንድ ተማሪ ጋር ብቻውን ይቀመጣል። ተማሪው እንዴት እንደሚተነፍስ፣ አፉን እንዴት እንደሚከፍት፣ ቃላትን እንዴት እንደሚያወጣ፣ ጉሮሮውን ሳያስጨንቅ ከፍ ወዳለውና ዝቅ ወዳለው ዜማ እንዴት እንደሚደርስ እየሰማ ያርማል። ክራር ወይም ማሲንቆ የሚማር ሰው መሣሪያውን ዓይቶ ሊያስተካክለው ይችላል። የድምፅ ተማሪ መሣሪያ ግን በአካሉ ውስጥ የተሰወረ በመሆኑ መምህሩ በጆሮው ብቻ ጉድለቱን ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል።

የሰው ድምፅ የሚፈጠረው በማንቁርት ውስጥ ያሉ ሁለት ትናንሽ እጥፋቶች ከሳንባ በሚወጣው አየር ሲርገበገቡ ነው። ጎልማሳ ወንድ ሲናገር እጥፋቶቹ በሰከንድ ከ100 እስከ 130 ጊዜ ያህል፣ ሴት ስትናገር ደግሞ 200 ጊዜ አካባቢ ይርገበገባሉ። ሲዘመር ቁጥሩ ከዚህ በብዙ እጥፍ ሊጨምር ይችላል። ይህን አሠራር በሕያው ሰው ላይ በመስታወት ለማየት በሩን የከፈተው ሐኪም አልነበረም። እ.ኤ.አ በ1854 በትናንሽ መስታወቶችና በፀሐይ ብርሃን የራሱን ማንቁርት የተመለከተው ማኑኤል ጋርሲያ የተባለ፣ በፓሪስና በለንደን ያስተማረ የድምፅ መምህር ነው። ሐኪሞች ጉሮሮን የሚመረምሩበት መስታወት በስፋት ሥራ ላይ የዋለው ከእርሱ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ሥራ የኅብረት ዝማሬ መምህርነት ነው። ይህ መምህር በአንድ ጊዜ 30 እና 40 ሰዎችን ያሠለጥናል። ከፍተኛውን የሴት ድምፅ ሶፕራኖ፣ ዝቅተኛውን የሴት ድምፅ አልቶ፣ ከፍተኛውን የወንድ ድምፅ ቴነር፣ ዝቅተኛውን የወንድ ድምፅ ባስ ብሎ ይከፍላል። ለእያንዳንዱ ክፍል የሚስማማ ዜማ ይጽፋል ወይም ይመርጣል፤ አራቱ ሲገጣጠሙ እርስ በርስ እንዲደጋገፉ ያደርጋል። በመድረክ ላይ ታዳሚው የሚያየው እጁን ሲያወዛውዝ ነው። ከዚያ በፊት ግን ለሳምንታት የዘለቀ ልምምድ፣ የግጥም ጥናት፣ የቃላት አወጣጥ ማስተካከልና አርፍደው የሚመጡትን የመገሠጽ ሥራ አለ። በብዙ የሙዚቃ ክፍሎች አንድ ሰው ሁለቱንም ሥራዎች ደርቦ ይይዛል።

ከዩኒቨርሲቲ በፊት የነበረው መምህር

ዜማን በየደረጃው ማስተማርና ተማሪን አስመስክሮ መምህር ማድረግ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደኖረ በምታስተምረው ቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራው ዜማ ግዕዝ፣ ዕዝልና ዓራራይ በሚባሉ ሦስት ስልቶች የተደራጀ ነው። ተማሪው ከጾመ ድጓ ተነሥቶ ወደ ድጓ፣ ከዚያም ወደ ዝማሬና መዋሥዕት፣ ወደ አቋቋምም ይሻገራል። እያንዳንዱ ትምህርት የራሱ የምስክር ቦታ አለው። ድጓ በጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት በዙር አምባ ይመሰከራል። ጎጃም ደግሞ በቅኔ ቤቶቹ የታወቀ ነው።

የዚህን ሥርዓት አሠራር የተመለከተ ሰው የኅብረት ዝማሬ መምህርን ሥራ ለመረዳት አይቸገርም። በማሕሌት ጊዜ ካህናቱ በቀኝና በግራ ተከፍለው ይቆማሉ፤ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ የየወገናቸውን ይመራሉ፤ መሪጌታው ሁሉን ያስተባብራል። ዜማው በቃል ብቻ እንዳይቀር ከቃላቱ በላይ የሚጻፉ ምልክቶች ተዘጋጅተውለታል። ምልክቶቹን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ያደራጁት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሆኑ ይነገራል። ዘመኑ ወደ አውሮፓውያን ሲመለስ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ይውላል።

ልዩነቱ በመተዳደሪያው ላይ ነው። የዜማ መምህሩ የሚኖረው በደብሩና በምእመኑ ሲሆን ተማሪውም ቁራሽ ለምኖ ይማራል። የዩኒቨርሲቲ መምህር በአንጻሩ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ደመወዝ፣ የማዕረግ እድገትና ጡረታ አለው። የመምህሩ የዕለት ሥራ ግን ብዙም አይራራቅም። ሁለቱም ከተማሪው ፊት ተቀምጠው ይሰማሉ፤ «ድገመው» ይላሉ፤ እስኪስተካከል አይለቁትም።

ዘመናዊው የሙዚቃ ትምህርት እንዴት መጣ?

በኢትዮጵያ የምዕራባውያን ዓይነት የሙዚቃ ትምህርት ከአርመናውያን ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን እ.ኤ.አ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ወጣቶች «አርባ ልጆች» ተብለው የቤተ መንግሥት የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። የመሯቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደርሰዋል። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ በአዲስ አበባ የሙዚቃ ጓዶችንና መዘምራንን በማሠልጠን፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም በመሥራት ብዙ ሙዚቀኞችን ያፈሩ መምህር ነበሩ።

በ1940ዎቹ ዓ.ም የተጀመረው ብሔራዊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በኋላ የቅዱስ ያሬድን ስም ያዘ። የአሁኑ ሕንፃው የተሠራው በቡልጋሪያ መንግሥት ርዳታ ነው። የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ በአሜሪካ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማሩ የዜማ ደራሲና የኦርኬስትራ መሪ ነበሩ። በዚያው ዘመን፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ግብፃዊ ተወላጅ ሐሊም ኤል ዳብ የአገር ባህል ሙዚቀኞችን አሰባስበው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረቱ። በየአካባቢው ተለያይተው ይጫወቱ የነበሩ ባለማሲንቆዎች፣ ባለክራሮችና ባለዋሽንቶች በአንድ መድረክ፣ በአንድ መሪ ሥር ሊጫወቱ እንደሚችሉ ያ ቡድን አሳየ።

የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ገባ። ይህ ለውጥ ለመምህራኑ ትልቅ ትርጉም ነበረው። ቀድሞ በዲፕሎማ ያሠለጥን የነበረው ተቋም የዲግሪ ትምህርት የሚሰጥ ሆነ፤ የሙዚቃ መምህሩም እንደ ፊዚክስና እንደ ታሪክ መምህር ሁሉ በዩኒቨርሲቲው የማዕረግ መሰላል ላይ ቆመ።

ወደ ሙያው የሚወስደው መንገድ

በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ያለ አርሶ አደር ዲከረንስ ተክሎ ከሰል እስኪያወጣ ድረስ ለዓመታት ይጠብቃል። በዚያ መካከል መሬቱ ሌላ ነገር ካላስገኘለት ይቸገራል። የድምፅ መምህር ለመሆን የሚፈልግ ወጣትም ከዚያ የረዘመ ጊዜ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ከመነሻው ደረጃዎቹን ማወቅ ይገባል።

የመጀመሪያው ደረጃ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። መልካም ድምፅ ብቻውን የዩኒቨርሲቲን በር አይከፍትም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ከ50 በመቶ በታች ያመጣ ተማሪ በቀጥታ ወደ መደበኛ የዲግሪ ትምህርት አይገባም። የአሠራሩ የመጀመሪያ ውጤት ይፋ ሲሆን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል። እንግዲህ ለሙዚቃ የሚያስብ ልጅ ሒሳቡንና እንግሊዝኛውን ችላ ቢል የሚጎዳው ያንኑ የሚወደውን ሙዚቃ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ የሙዚቃ ችሎታ ፈተና ነው። እንዲህ ዓይነት ፈተና በየትም አገር ቢሆን ሦስት ነገሮችን ይመለከታል። አመልካቹ የሰማውን ዜማ መልሶ ማዜም ይችላል? የተጨበጨበለትን ምት ሳያዛባ ይደግማል? ሁለት ድምፆች ሲሰሙ የትኛው ከፍ፣ የትኛው ዝቅ እንዳለ ይለያል? ለእነዚህ ልጅን ማዘጋጀት ገንዘብ አይጠይቅም። በሰንበት ትምህርት ቤት፣ በመንዙማ፣ በትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ ወይም በቤተሰብ መካከል ዘወትር የሚያዜም ልጅ ሳያውቀው ይለማመደዋል።

ሦስተኛው ደረጃ የዲግሪ ትምህርቱ ነው። ተማሪው ዋና መሣሪያ ይመርጣል፤ የሰው ድምፅም እንደ ፒያኖ፣ እንደ ክራር ወይም እንደ ማሲንቆ አንድ ምርጫ ነው። ከዚያ ጋር የኖታ ንባብ፣ የሙዚቃ ታሪክ፣ የጆሮ ሥልጠናና አቀናባሪነት ይማራል። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ለይቶ ማወቅም ለኢትዮጵያዊ የሙዚቃ መምህር ዋና ነገር ነው። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት የመውጫ ፈተና እንዲወስዱ ተደንግጓል።

አራተኛው ደረጃ በዩኒቨርሲቲ መቀጠር ነው። የማዕረጉ መሰላል ከረዳት ምሩቅ ይጀምራል፤ በረዳት ሌክቸረር አልፎ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ሌክቸረር ይሆናል፤ ከዚያ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰርና ፕሮፌሰር ይከተላሉ። ከፍ ለማለት የማስተማር አገልግሎት፣ ጥናትና ምርምር እንዲሁም ለማኅበረሰቡ የሚሰጥ አገልግሎት ይመዘናሉ። የከፍተኛ ትምህርት ተቋማትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1152/2011ም ማስተማርን፣ ምርምርንና የማኅበረሰብ አገልግሎትን የተቋማቱ ተግባር አድርጎ ያስቀምጣል።

በዚህ ላይ የሙዚቃ መምህራን በመላው ዓለም የሚያነሡት ጥያቄ አለ። የኬሚስትሪ መምህር የምርምር ውጤቱን በመጽሔት ያሳትማል። የኅብረት ዝማሬ መምህር ውጤት ግን አንድ ምሽት ተሰምቶ የሚያልፍ ዝግጅት ነው። በአሜሪካ በሚገኙ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የመድረክ ሥራ፣ የዜማ ድርሰትና የተቀረጸ ሙዚቃ እንደ ምርምር ይቆጠራሉ፤ ለመድረክ ሙያተኞች የተዘጋጀ የዶክትሬት ዲግሪም አለ። የሥራ ዋስትና የሚሰጠው ግምገማ በአብዛኛው በስድስተኛው ዓመት ይካሄዳል። ያም ሆኖ በዚያ አገር በርካታ የድምፅ መምህራን በሰዓት እየተከፈላቸው በትርፍ ጊዜ የሚሠሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ከአንዱ ኮሌጅ ወደ ሌላው እየተመላለሱ ኑሯቸውን ይገፋሉ። በውጭ አገር ሁሉም ነገር የተመቻቸ ነው ብሎ የሚያስብ ወጣት ይህንን ማወቅ አለበት።

ሥራ መደቡ ሲዘጋስ?

የዚህ ሙያ ትልቁ ሥጋት የሥራ መደቡ ጥቂት መሆኑ ነው። የታሪክ ወይም የሒሳብ መምህር በአንዱ ዩኒቨርሲቲ ቦታ ቢያጣ በሌላው ሊያገኝ ይችላል። የድምፅ መምህር የሚፈለገው የሙዚቃ ትምህርት ክፍል ባለበት ብቻ ነው። ክፍሉ ቢዘጋ ወይም ትምህርቱ ከመርሐ ግብር ቢወጣ መምህሩ ይዞት የሚሄድ ሌላ በር ላይኖረው ይችላል።

የታዋቂው በገና ደርዳሪ የአቶ ዓለሙ አጋ ታሪክ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በገና በአብዛኛው ከሰው ድምፅ ጋር ተዋሕዶ የሚደረደር መሣሪያ ነው። አቶ ዓለሙ በዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ የተማሩ ሲሆኑ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለዓመታት በገና አስተምረዋል። በዘመነ ደርግ የበገና ትምህርት ሲቋረጥ የማስተማር ሥራቸውም ቆመ። ሆኖም ሙያውን አልተዉትም፤ ኑሯቸውን በሌላ ሥራ እየደገፉ በገናቸውን ደረደሩ፣ ሌሎችንም አስተማሩ። በኋላም በሥራዎቻቸው በዓለም መድረኮች ታወቁ። የትምህርት ክፍል ሲዘጋ ዕውቀቱ ሳይጠፋ የቆየው ሰውየው ስለጠበቀው ነው።

የአሸናፊ ከበደ ታሪክ ሌላ ገጽታ አለው። የያሬድን ትምህርት ቤት ከመሩ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ በሙዚቃ ጥናት የዶክትሬት ዲግሪ ያዙ። ከዚያም በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አስተማሩ፤ በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነው ሠሩ፤ እ.ኤ.አ በ1998 ዐረፉ። በእርሳቸው የሕይወት መንገድ የኢትዮጵያ ዜማ በውጭ ዩኒቨርሲቲዎች የጥናት ርእስ ሆኗል። በሌላ በኩል አገሪቱ ከመጀመሪያዎቹ ባለሙያዎቿ አንዱን ለረጅም ዓመታት ከክፍሏ አጥታለች።

ከእነዚህ ታሪኮች የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ወደዚህ ሙያ የሚገባ ወጣት ከድምፁ ጋር ሁለተኛ ሙያ ቢይዝ ይበጀዋል። የቋንቋ መምህርነት፣ የድምፅ ቀረጻ፣ የመሣሪያ ጥገና ወይም የመድረክ ዝግጅት ሊሆን ይችላል። የኅብረት ዝማሬ ዕውቀት ከዩኒቨርሲቲ ውጭም ይፈለጋል። አብያተ ክርስቲያናት መዘምራን አሏቸው፤ ዞኖችና ከተሞች የባህል ኪነት ቡድን ያደራጃሉ፤ ብዙኃን መገናኛ ዜማ ይቀርጻሉ፤ የግል ትምህርት ቤቶችም የሙዚቃ መምህር ይቀጥራሉ።

አዊኛ ቋንቋ ምን ያገኝበታል?

እስካሁን የተነገረው በግለሰብ ኑሮ ላይ ያተኮረ ነው። ጉዳዩ ለአዊ ሕዝብ ከዚያ የሰፋ ትርጉም አለው። አዊኛ የኩሽ ቋንቋዎች ቤተሰብ አባል ሲሆን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል፤ በክልሉ ብዙኃን መገናኛም ይሰራጭበታል። የቋንቋ ሊቃውንት አዊኛን ሲያጠኑ በውስጡ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ የትርጉም ሚና እንዳለው ገልጸዋል። ይህ ለዜማ ሰው ትልቅ ጉዳይ ነው። ለአማርኛ ወይም ለእንግሊዝኛ ግጥም የተሠራ ዜማ በአዊኛ ቃላት ላይ እንዲሁ ቢጫን የቃሉ ድምፅ መውረድ በሚገባው ቦታ ሊወጣ ይችላል። ሰሚው ቃሉን ለመለየት ይቸገራል። ስለዚህ የአዊኛን የኅብረት ዝማሬ በአግባቡ ሊሠራ የሚችለው ሁለቱን ያጣመረ፣ ቋንቋውን ከእናቱ የሰማና ሙዚቃውን ከመምህር የተማረ ሰው ነው።

በጋና የተከሰተ አንድ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ኤፍሬም አሙ የተባሉ መምህር በሚስዮናውያን የመምህራን ማሠልጠኛ ሙዚቃ ያስተምሩ ነበር። ኅብረት ዝማሬዎችን በኢዌና በትዊ ቋንቋዎች መድረስ፣ የአገር ከበሮን ማስገባትና የአገር ልብስ ለብሰው ማገልገል ጀመሩ። ይህ አካሄድ አልተወደደላቸውምና እ.ኤ.አ በ1933 ከሥራቸው ተሰናበቱ። ከዚያ በአቺሞታ ኮሌጅ አስተማሩ፤ በለንደን ሮያል የሙዚቃ ኮሌጅ ተማሩ፤ ተመልሰውም በአገራቸው የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ለብዙ ዓመታት መምህር ሆኑ። የቃሉ ድምፅ ከዜማው ጋር እንዲሄድ መጠንቀቃቸው የሥራቸው መለያ ነው። አሙ ከሥራ የተባረሩበት ሥራ ዛሬ ለጋና ሕዝብ ከኩራቶቹ አንዱ ሆኗል።

የሃንጋሪው የዜማ ሊቅ ዞልታን ኮዳይም ተመሳሳይ አሳብ ነበረው። በእርሱ አስተሳሰብ ልጅ ሙዚቃን መጀመር ያለበት ከመሣሪያ በፊት በድምፁ ነው፤ የሚዘምረውም አስቀድሞ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተዜሙ የአገሩን ዜማዎች ነው። ይህን ለማድረግ ፒያኖ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በትክክል ማዜም የሚችልና ማስተማርን የተማረ አንድ መምህር ነው።

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሙዚቃ ከቴአትር፣ ከውዝዋዜና ከሥዕል ጋር ተጣምሮ «ክወናና ዕይታ ጥበባት» በሚል ስም በአንደኛ ደረጃ ይሰጣል። ክፍለ ጊዜው በሠለጠነ መምህር ካልተያዘ ልጆች ስለ ዜማ አንብበው ሳያዜሙ ያልፋሉ። የአንደኛ ደረጃ መምህራን በመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ይሠለጥናሉ፤ የኮሌጆቹን የሙዚቃ አሠልጣኞች ደግሞ የሚያፈራው ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚህ ምክንያት በአዲስ አበባ ያለ አንድ የድምፅ መምህር ያስተማረው ነገር ዙሮ ዙሮ በዳንግላ ወይም በቻግኒ ክፍል ውስጥ ሊሰማ ይችላል። ምርጥ ዘር ከምርምር ማዕከል ወጥቶ፣ በአባዥ ገበሬዎች ተባዝቶ፣ በመጨረሻ ከአርሶ አደሩ ማሳ እንደሚደርስ ማለት ነው። ሰንሰለቱ በአንድ ቦታ ቢበጠስ ማሳው ዘር ያጣል።

እንጅባራ ከተማ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅም ዩኒቨርሲቲም ያለባት ከተማ ናት። በከተማዋ የሙዚቃ ትምህርት ክፍል መክፈት ብዙ ወጪ፣ መምህራንና መሣሪያ ይጠይቃል። የኅብረት ዝማሬ ቡድን ማቋቋም ግን ከሁሉም የቀለለ መነሻ ነው፤ አዳራሽ፣ አንድ ብቁ መሪና ፈቃደኛ ተማሪዎች ካሉ ሥራው ይጀመራል። የቡድኑ የመጀመሪያ ሥራ በየወረዳው ያሉ የደቦ፣ የሠርግና የልጆች ዜማዎችን ከአረጋውያን እየሰሙ መቅረጽና ማጥናት ቢሆን ለቋንቋ ጥናትም ለሙዚቃም ይጠቅማል። በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ባህሉን በማኅበር አደራጅቶ ለዛሬ ማድረሱ፣ የሕዝብ ሀብት ባለቤት ሲያገኝ እንደሚቆይ በአካባቢው የታየ ምስክር ነው።

ለወላጆችና ለመምህራን

መልካም ድምፅ ያለው ልጅ ያለበት ቤተሰብ ከዛሬ ጀምሮ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ነገሮች አሉ። ቀዳሚው ድምፁን መጠበቅ ነው። ወንዶች ልጆች ከ12 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ አካባቢ ድምፃቸው ይጎረናል። በዚህ ጊዜ ድምፃቸው ቢሰነጣጠቅ «ጠፋ» ተብሎ ተስፋ ሊቆረጥ አይገባም፤ ወደ ላይ እንዲጮኹ ማስገደድም ጉዳት አለው። ቀለል ባለ፣ ዝቅ ባለ ዜማ እየተለማመዱ እስኪረጋ መጠበቅ ይሻላል። ሴቶች ልጆችም በዚህ ዕድሜ መጠነኛ የድምፅ ለውጥ ያያሉ።

የምድጃ ጢስ፣ ሲጋራ፣ ጠንካራ መጠጥና ከአቅም በላይ መጮኽ የድምፅ ጠላቶች ናቸው። በቂ ውኃ መጠጣትና ጉሮሮ ሲታመም ድምፅን ማሳረፍ ይጠቅማል። ይህ ምክር ለዘማሪ ብቻ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ በክፍል ለሚናገር መምህር፣ በገበያ ለሚጣራ ነጋዴና ከብት ለሚያግድ ልጅም ይሠራል። ያለ ጉንፋን የመጣና ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መጎርነን ካለ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ነገር ልጁ ከሌሎች ጋር እንዲያዜም ዕድል መስጠት ነው። ብቻውን የሚያዜም ልጅ የራሱን ድምፅ ያውቃል፤ ከሌሎች ጋር የሚያዜም ልጅ መስማትን ይማራል። በየማለዳው በሰልፍ ላይ የሚዘመረው ብሔራዊ መዝሙር እንኳ ለዚህ ያገለግላል። ዜማውን ሰሎሞን ሉሉ፣ ግጥሙን ደረጀ መላኩ ያዘጋጁት ይህ መዝሙር በአገሪቱ ያሉ ተማሪዎች ሁሉ በጋራ የሚያውቁት የኅብረት ዝማሬ ነው። በአንዳንድ ሰልፎች ላይ እንደሚሰማው ሁሉም በየፊናው ከሚጮኽ፣ መምህሩ መነሻ ድምፅ ሰጥቶ፣ ሁሉም እኩል ጀምሮ እኩል እንዲያርፍ ቢደረግ የሙዚቃ ትምህርቱ ያለ አንዳች ወጪ ተጀመረ ማለት ነው።

ሦስተኛው፣ ልጁ ስለ ሙያው እውነቱን እንዲያውቅ መርዳት ነው። መንገዱ ረጅም ነው፤ ከእንጅባራ እስከ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት፣ ከዚያም የዓመታት ትምህርት አለው። የሥራ መደቡ ጥቂት ነው፤ ደመወዙም ከሌላው የዩኒቨርሲቲ መምህር ደመወዝ አይበልጥም። በአንጻሩ መንገዱን የሚያውቁት ጥቂቶች በመሆናቸው የሚሞክሩትም ጥቂቶች ናቸው። አዊኛን አቀላጥፎ የሚናገር፣ ኖታ የሚያነብና ኅብረት ዝማሬ መምራት የሚችል ባለሙያ ደግሞ ለኮሌጁም፣ ለብዙኃን መገናኛውም፣ ለባህል ቡድኑም ተፈላጊ ነው። ልጁን ወደዚያ ለመላክ የሚያስብ ቤተሰብ በቅድሚያ የ12ኛ ክፍል ውጤቱን፣ ቀጥሎ የሙዚቃ ፈተናውን የመግቢያ ጊዜ፣ በመጨረሻም ከድምፁ ጋር የሚይዘውን ሁለተኛ ሙያ ከትምህርት ቤቱ መምህራን ጋር ቢመክርበት መልካም ነው።